ሱፍ ያልሆነው «ሱፍ»
ቆላ ለሚወርድ ነጋዴ የቢሮ ልብስ እንዴት ይመረጣል?

ከአዲስ አበባ በጠዋቱ አውሮፕላን የተነሣ ነጋዴ ድሬዳዋ ለመድረስ የሚፈጅበት አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በዚህች አንድ ሰዓት ውስጥ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ካላት ከተማ ወደ 1,200 ሜትር ገደማ ወርዷል። በግንቦትና በሰኔ የድሬዳዋ ቀትር ወደ 35 ዲግሪ ይጠጋል። ጉዳዩ ጅቡቲ ወደብ ድረስ የሚያስኬደው ከሆነ ደግሞ በሐምሌ ከ40 ዲግሪ በላይ ይጠብቀዋል። በቦሌ ብርድ የለበሰው ጥቁር ሙሉ ልብስ ግን ያው ነው። ትራንዚተሩ ቢሮ ሲደርስ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል፤ ክራቫቱ አንገቱን አንቆታል፤ ስለ መጋዘን ኪራይ ሊከራከር ያዘጋጀው አንደበትም ከድቶታል።

ነገሩ በዚህ ጸሐፊም ላይ ደርሷል። ለቃለ ምልልስ የቀጠሩን አንድ የድሬዳዋ አስመጪ ከጥያቄያችን በፊት ውኃ አስመጡልን፤ ቀጥለውም «ልጄ፣ መጀመሪያ ኮትህን አውልቅ» አሉን። እሳቸው በነጭ እጀ ሙሉ ሸሚዝ ተቀምጠዋል። ከሁለታችን ማን የተከበረ ይመስል እንደነበር መናገር አያስፈልግም።

ብዙዎቻችን በሙቀት አገር ያለው ምርጫ ሁለት ብቻ ይመስለናል። አንዱ ሙሉ ልብስ ለብሶ መቀቀል ነው፤ ሌላው ካናቴራና ሰንደል ጫማ አድርጎ ቀልሎ መታየት። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ግን ጣጣው ያለው ከልብሱ ዓይነት ይልቅ ከጨርቁ ነው።

በአማርኛችን «ሱፍ» የሚለው ቃል የበጉንም ፀጉር ሙሉ ልብሱንም ይጠራል (የሚወቀጠውን ሱፍ ትተን ማለት ነው)። ይህ የቃል መደባለቅ ለሻጭ ሲመች ለገዢ ያስከፍላል። ምክንያቱም «ሱፍ» ተብሎ የሚሸጠው ልብስ ብዙ ጊዜ ከነዳጅ ተረፈ ምርት የሚሠራው ፖሊስተር ነው።

ልዩነቱ እንዲህ ነው። ሰውነታችን የሚቀዘቅዘው ላብ ሲተን ነው፤ ስለዚህ ጨርቁ እርጥበቱን መቀበልና ማሳለፍ አለበት። የጨርቅ ባለሙያዎች በሚጠቀሙበት መደበኛ መለኪያ ጥጥ የክብደቱን 8 በመቶ ገደማ፣ ሊነን 12 በመቶ ገደማ፣ እውነተኛው ሱፍ ደግሞ 16 በመቶ ገደማ እርጥበት ይይዛል። ፖሊስተር ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። እንግዲህ የሚገርመው ከሁሉም በላይ እርጥበት የሚይዘው ሱፉ መሆኑ ነው። በሜትር ከ250 ግራም በታች የሚመዝን፣ ሳሳ ብሎ የተሸመነ ሱፍ ለቆላም ይሆናል፤ የአውሮፓ ልብስ ሰፊዎች ለሞቃት አገር የሚሰፉትም ከዚሁ ነው። ሊነን የሚሠራው ከተልባ ግንድ ሲሆን (እኛ ተልባን የምናውቀው ለፍሬው ነው) እንደሱ አየር የሚያሳልፍ ጨርቅ ማግኘት ይከብዳል። ነገር ግን ወንበር ላይ ግማሽ ሰዓት እንደተቀመጡበት ይጨማደዳል። ለጓደኛ ቢሮ እንጂ ለብድር ጥያቄ አይመከርም።

ጨርቁ ጥሩ ሆኖ ልብሱ የሚያቃጥልበት ጊዜም አለ። ኮቱን ገልብጠው ገበሩን ይዩት። ከላይ ጥሩ ሱፍ ሆኖ ከውስጥ ዙሪያውን የፖሊስተር ገበር ከለበሰ የሱፉን ጥቅም ገበሩ በልቶታል። ለቆላ የሚሆን ኮት ገበሩ ትከሻውና እጀታው ላይ ብቻ ሆኖ ጀርባው ባዶ ነው። ልብስ ሰፊዎ ጨርቅ ያተርፋል ብሎ የሚከራከር ቢመስለውም ይህን ቢያዝዙት ያለ ችግር ይሠራዋል።

ወደ ክራቫቱ እንምጣ። ማይክል ስፔንስ የተባለው የምጣኔ ሀብት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1973 ስለ ሥራ ገበያ በጻፈው ጥናት አንድ ምልክት የሚታመነው ዋጋ ስለሚያስከፍል መሆኑን አሳይቷል። በ38 ዲግሪ ክራቫት ማሰርም እንዲሁ «ጉዳዩን አክብሬ መጥቻለሁ» የሚል ውድ ምልክት ነው። ብቻውን ያወለቀ ሰው ይጎዳል፤ ሁሉም አንድ ላይ ቢያወልቁ ግን ማንም አይጎዳም። ጃፓኖች እ.ኤ.አ. በ2005 ያደረጉት ይህንኑ ነው። በጠቅላይ ሚኒስትር ጁኒቺሮ ኮይዙሚ ዘመን የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስቴር «ኩል ቢዝ» የተባለ ዘመቻ ጀምሮ የቢሮ ማቀዝቀዣዎች በበጋ 28 ዲግሪ ላይ እንዲደረጉ፣ ሠራተኛውም ኮትና ክራቫቱን እንዲተው ጠየቀ። ኮይዙሚ ራሳቸው ያለ ክራቫት ወጡ። ክራቫት አምራቾች ገበያችን ተነካ ብለው አቤት ማለታቸው አልቀረም። ከ2011ዱ የመሬት መንቀጥቀጥና የኑክሌር ጣቢያ አደጋ በኋላ የመብራት እጥረት ሲመጣ ደግሞ ፖሎ ሸሚዝም ተፈቀደ።

የድርጅት ባለቤቶች ይህን ከወጪ አንጻር ቢያዩት መልካም ነው። ውጭው 35 ዲግሪ ሆኖ ቢሮው 21 ላይ ቢደረግ ልዩነቱ 14 ዲግሪ ነው፤ 27 ላይ ቢደረግ 8 ብቻ ይሆናል። ከግድግዳና ከመስኮት የሚገባው ሙቀት ከዚሁ ልዩነት ጋር ስለሚሄድ ማቀዝቀዣው በዚህ በኩል ያለበት ሸክም ከ40 በመቶ በላይ ይቀላል። ሥራ አስኪያጁ በኮት እንዲቆይ ተብሎ ጸሐፊዋ ሹራብ ደርባ የምትሠራበት ቢሮ ሁለቴ እየከፈለ ነው።

ለሴቶች ነገሩ ትንሽ ይቀላል። የድሬዳዋ ሴቶች ድሪያ የሚያስተምረው ሰፋ ያለና ሰውነት ላይ የማይጣበቅ ልብስ አየር እንደሚያስገባ ነው። ከጥጥ የተሠራ ሰፊ ቀሚስ ከነሻርፑ ለቢሮውም ለአካባቢው ወግም ይስማማል።

ለወንዱ ነጭ የጥጥ ሸሚዝ ይሻላል፤ ውኃ ሰማያዊና ግራጫ ላብን ያጋልጣሉ። ከሥር ስስ የጥጥ ካናቴራ ይልበሱ። ለመጀመሪያ ቀጠሮ ኮቱን በክንድ ይዞ ሄዶ በር ላይ መልበስ፣ ክራቫቱንም ኪስ ውስጥ መያዝ አያስወቅስም። ባለቤቱ በሸሚዝ ከተቀበለዎት ሁለቱም እዚያው ይቆዩ።

መርካቶ ሲገዙ በልብሱ ላይ የተሰፋውን ጽሑፍ አይመኑ። ከውስጠኛው ስፌት ጥቂት ክር መዝዘው በክብሪት ይለኩሱት። ቀልጦ ጫፉ ላይ እንደ ዶቃ የጠጠረ ነገር ከተወ ፖሊስተር ነው። እንደ ተቃጠለ ፀጉር ሸትቶ እሳቱ ሲርቅ ከጠፋ ሱፍ ነው። ጥጥና ሊነን እንደ ወረቀት ነድደው ለስላሳ አመድ ይሆናሉ። ሽታው የፀጉር ሆኖ ዶቃውም ካለ ቅልቅል ነውና ዋጋውን በዚያው ልክ ይከራከሩ። ክር አልሰጥም የሚል ሻጭ ካጋጠመዎት የሚቀጥለው ሱቅ ሁለት እርምጃ ነው።