የተሰወረ ዘርና የተገለጠ እምነት

ሠርጓ የተቃረበ አንዲት ልጃገረድ «እናቴ፥ አባቴ» ስትላቸው የኖሩት ሰዎች እንዳልወለዷት በድንገት ብታውቅ ምን የምታደርግ ይመስልሃል? ቢቨርሊ ሉዊስ የተባለች አሜሪካዊት ደራሲ በ1997 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው «መገለል» የሚባለው ልብ ወለድ የተመሠረተው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው በፔንስልቫኒያ፥ አሚሽ በሚባሉት ክርስቲያኖች መካከል ነው።

አሚሾች በ1693 እ.ኤ.አ. ገደማ ያዕቆብ አማን የተባለውን መሪ ተከትለው በስዊስና በአልዛስ ከነበሩት ወንድሞቻቸው የተለዩ ናቸው። ዛሬም ብዙዎቹ የሚጓዙት በፈረስ ጋሪ ነው። በእነርሱ ዘንድ ሰው የሚጠመቀው ነፍስ ካወቀ በኋላ በፈቃዱ ነው፤ ተጠምቆ ቃሉን ያፈረሰ ግን ንስሐ እስኪገባ ድረስ ከማኅበሩ ይገለላል፤ ከወላጆቹ ጋራ በአንድ ገበታ መቀመጥ እንኳ ሊከለከል ይችላል። እንግዲህ በእንዲህ ያለው ቤት እውነትን መናገር እንጀራን ሊያሳጣ ስለሚችል፥ ሰው የሚዋሸው ብዙ ጊዜ በክፋት ሳይሆን ዘመዶቹን ላለማጣት ነው።

«ይህ የባሕር ማዶ ወሬ ለእኛ ምናችን ነው?» ትል ይሆናል። እስቲ ወደ ወላይታ ሶዶ ልውሰድህ።

በወላይታ ባህል የአንድ ጎሣ ልጆች አይጋቡም። ጎሣዎቹም ማላና ዶጋላ በሚባሉ በሁለት ታላላቅ ክፍሎች ይመደባሉ። ስለዚህ የልጅ ዘር ከተሰወረ ወንድምና እኅት ሳይተዋወቁ ሊጋቡ ነው ማለት ነው። ከዚህም ሌላ ሸክላ ሠሪውን፥ ብረት ቀጥቃጩንና ቆዳ ፋቂውን ሕዝቡ በሥራው እየተገለገለ በጋብቻ ግን ይርቀው ነበር። ከእነዚህ ወገን የተወለደ ሰው ዘሩን ቢደብቅ ጥፋቱ የማን ነው? የደበቀው ነው ወይስ እንዲደብቅ ያስገደደው?

እምነትም ቤተሰብን የሚፈትንበት ጊዜ መጣ። በ1920 ዓ.ም. ዶክተር ቶማስ ላምቢ የመሩት የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሲዮን ወደ ወላይታ ገባ። ጣልያን ሚሲዮናውያኑን በ1929 ዓ.ም. ሲያስወጣ የተጠመቁት ምእመናን 48 ብቻ ነበሩ። ከዚያ በኋላ እንደ ዋንዳሮ ያሉት መሪዎች ታሰሩ፥ ተገረፉም። «ትቼዋለሁ» ብለው በአፋቸው ቢዋሹ ኖሮ ወደ ቤታቸው በሰላም በገቡ ነበር። እነርሱ ግን ይህን አላሉም። ጠላት ከወጣ በኋላ ሚሲዮናውያኑ ሲመለሱ ያገኟቸው ምእመናን ወደ 10,000 ይጠጉ ነበር፤ ይህንም ታሪክ ሬይሞንድ ዴቪስ በ1966 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ተርኮታል።

ለቀድሞ አባቶች መንፈስ የሚቀርበውን መሥዋዕት እንቢ ያለ ልጅ ከዘመዶቹ ጋራ መጋጨቱ አይቀርም ነበር። ይሁን እንጂ ያመነው ሁሉ ወንድም የሚባልበት ሌላ ቤት አገኘ። ያ አዲሱ ቤት የሸክላ ሠሪውን ልጅ ለሙሽርነት እስከ መቀበል ደረሰ ወይ? የወንድማማችነት ስብከት እውነተኛነቱ የሚለካው በዚህ ነው።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል። ነገር ግን ንጋቱን የምናዘገየው ብዙ ጊዜ እኛው ነን። ሶዶ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ስለ ሆነች፥ አንተም አንድ ቀን በዚያ ተመድበህ ባለ ጉዳይ የምታስተናግድ ጸሓፊ ትሆን ይሆናል። ያን ጊዜ «የማን ልጅ ነህ?» ስትል ፊቱን የሚያጠቁር ሰው ካጋጠመህ ውሸታም ነው ብለህ አትፍረድበት። ስሙን ጻፍለት፤ ጉዳዩን ፈጽምለት፤ ወንበርም ስጠው። ሰው እውነቱን የሚናገረው ከተናገረ በኋላም ቦታው እንደማይወሰድበት ሲያምን ነው።