ነጠብጣቡ ከየት መጣ?

የአዞ ቆዳ ገዢ ቆዳውን ዳብሶ ብቻ አይወስንም። ከሥሩ መብራት በበራ የመስታወት ጠረጴዛ ላይ ያነጥፈውና የሆዱን ክፍል ቅርፊት በቅርፊት ይመረምራል። ትልቁ ዋጋ ያለው እዚያ ነው። የጀርባው ቅርፊት ውስጡ አጥንት ስላለበት እንደልብ አይታጠፍም፤ የሆዱ ግን ልስልስና ተራውን የጠበቀ በመሆኑ ለውድ ቦርሳና ለሰዓት ማሰሪያ ይሆናል። ሲለፋም ብዙውን ጊዜ እስኪያብረቀርቅ ይታሻል እንጂ ጉድለት በሚደብቅ ወፍራም ቀለም አይሸፈንም። ስለዚህ እያንዳንዷ ጭረት ጎልታ ትታያለች።

አርቢዎች የጭረቱን ምንጭ ያውቁታል። በአንድ ገንዳ የተጨናነቁ አዞዎች ይናከሳሉ። ሻካራ ሲሚንቶ ሆድ ይፍቃል። ውሃው ሲቀዘቅዝ ሰውነታቸው ይዳከምና ባክቴሪያና ፈንገስ በቀላሉ ቆዳቸውን ያጠቃዋል። ወለሉን የሚያለሰልሱት፣ ለመታረድ የደረሱትን ለየብቻ የሚያኖሩት፣ የውሃውን ሙቀት የሚቆጣጠሩት ለዚህ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎም የማይጠፋ አንድ ምልክት ነበር። በአሜሪካ በሉዊዚያና ግዛት የአሊጌተር አርቢዎች «ፒክስ» ይሉታል። እንስሳው ይበላል፣ ያድጋል፣ ጤነኛ ይመስላል። ታርዶ ቆዳው መብራቱ ላይ ሲዘረጋ ግን ብርሃን የምታሳልፍ ትንሽ ነጥብ እዚህም እዚያም ብቅ ትላለች። ቆዳው ከለፋ በኋላ ነጥቧ ጎድጎድ ብላ ትቀራለች፤ ቀለሙንም እንደሌላው አካል አትይዝም። የስንት ጊዜ ቀለብና ልፋት የፈሰሰበት ቆዳ በዚህች ነጥብ ብቻ ደረጃው ይወርዳል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ቆዳ ፋብሪካ የሠራ ሰው ይህን ሲሰማ «እከክ» ትዝ ይለዋል። ለጓንት በዓለም የታወቀው የደጋ በግ ቆዳ፣ ጠጉሩ ሲነሳ ትናንሽ እባጮች ይታዩበታል። መነሻቸው ቅማልና መሰል የቆዳ ተባዮች ሆነው ተገኙ። ቆዳውን በዋናነት የሚያበላሸው ግን ንክሻው ራሱ አይደለም፤ የበጉ ሰውነት ለንክሻው የሚሰጠው የቁጣ ምላሽ ነው። ይህን ልብ ይሏል፤ የአዞውም ምሥጢር ከዚሁ ጋር ይዛመዳል።

ፍንጩ የመጣው ከሞት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንዲሁ ናቸው) በ2001 እና በ2002 በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት ውስጥ በአንድ እርባታ አሊጌተሮች በብዛት አለቁ። በላቦራቶሪ ሲመረመሩ የተገኘባቸው የዌስት ናይል ቫይረስ ነበር፤ ይመገቡት ከነበረው የፈረስ ሥጋም ቫይረሱ ተገኘ። በ2008 የሉዊዚያናው የእንስሳት ሐኪም ሃቪየር ኔቫሬዝና ባልደረቦቹ የፒክስን ነጥቦች በቀጥታ መረመሩና የዚያኑ ቫይረስ የዘር ቅሪት እዚያው ቆዳው ውስጥ አገኙ።

እኔ በምኖርበት በእስራኤል፣ በአሽቀሎን ከተማ በአፍሪዳር ሰፈራችን፣ ይህ ቫይረስ የሚያመጣው በሽታ ስም እንግዳ አይደለም። በ2024 በጋ እስራኤል ውስጥ መቶዎች ታመውበታል፣ ብዙ አረጋውያንም ሞተውበታል። በረንዳ ላይ ውሃ አታጠራቅሙ የሚባለው በከንቱ አይደለም። ቫይረሱ መጀመሪያ የታወቀው በ1937 ዩጋንዳ ውስጥ፣ በዌስት ናይል አውራጃ በምትኖር አንዲት ትኩሳት የያዛት ሴት ደም ነው። ኑሮው በወፍና በትንኝ መካከል ነው፤ ሰውና ፈረስ በመሀል ይጎዳሉ።

በዚህ ታሪክ የእስራኤል ድርሻ የሚጀምረው ከሽመላ ነው። በነሐሴ 1998 ወደ 1,200 የሚሆኑ ነጭ ሽመላዎች ኃይለኛ ሞቃት ነፋስ ከመንገዳቸው ገፍቷቸው ኤይላት አረፉ። አብዛኞቹ በዚያው ዓመት አውሮፓ ውስጥ የተፈለፈሉ ነበሩ። ከሞቱት ቫይረሱ ተለየ። ይህን ያጠናው ሜርቲን ማልኪንሰን ከጥቂት ዓመት በኋላ ከአሚር ስታይንማንና ከሌሎች ጋር ሆኖ ወደ አዞ ዞረ። በ2003 ያወጡት ጥናት እስራኤል ውስጥ ከሚኖሩ 20 የናይል አዞዎች በ14ቱ ደም ቫይረሱን የሚያከሽፍ አንቲቦዲ መገኘቱን አሳየ። ስለ ቆዳ ጥራት የጠየቀ አልነበረም። ሆኖም ኢትዮጵያ ውስጥ አርባ ምንጭ ያለው የአዞ ዝርያ በቫይረሱ እንደሚያዝ በዚህ ታወቀ፤ እኔ ይህን ውጤት ከታሪኩ ሁሉ አብልጬ የማየው ለዚህ ነው።

የመጨረሻው ምዕራፍ የተጻፈው አውስትራሊያ ነው። በ2019 ሳሊ ኢስበርግና ባልደረቦቿ በባሕር ዳርቻው አዞ ቆዳ ላይ ካሉ ነጥቦች የዌስት ናይልን አውስትራሊያዊ ዘመድ፣ ኩንጂን የተባለውን፣ የዘር ቅሪት አገኙ። ቅሪቱ አለ፤ ሕያው ቫይረስ ግን ከነጥቦቹ ሊወጣ አልቻለም። በነጥቡ ውስጥ የታየው የአዞው የራሱ የመከላከያ ሴሎች ክምችት ነው። ቫይረሱን ለመዋጋት የመጡት ሴሎች የቆዳውን ክር ቦታ ያስለቅቁታል፤ ብርሃን የሚያልፈው በዚያ ነው። እንደ በጉ እከክ ሁሉ እዚህም ጠባሳው የሰውነት ምላሽ ነው።

እንግዲህ ትንኝን መከልከል ይበቃል ማለት ነው? በ2020 ገርቬ ሃባሩጊራና ባልደረቦቹ ትንኝ በማይገባበት ቤት ውስጥ ቫይረሱ የተሰጣቸውን የአዞ ጫጩቶች ካልተሰጣቸው ጋር አኖሩ። ከቀናት በኋላ ያልተሰጣቸውም ደም ውስጥ ቫይረሱ ታየ። በአፋቸው፣ በኩሳቸው መውጫና በገንዳው ውሃ ላይም ምልክቱ ተገኘ። አንዴ ከገባ ትንኝ ሳያስፈልገው በጋራ ውሃ ሊተላለፍ ይችላል ማለት ነው። እነዚሁ ተመራማሪዎች በ2023 ሁለት ጊዜ የሚወጋ ክትባት ሞክረው የተከተቡትን ጫጩቶች ከነጥቡ አዳኗቸው፤ ካልተከተቡት ከመቶ 22 የሚሆኑት ነጥቡ ወጥቶባቸዋል።

አርባ ምንጭ ከ1984 ጀምሮ አዞ ሲረባ ቆይቷል፤ ጫጩቶቹ የጫሞ ሐይቅ ልጆች ናቸው። በእስራኤል ሰማይ የሚያልፉት ሽመላዎች ደግሞ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ይወርዳሉ። ለእርባታው የምመኘው ውድ ነገር አይደለም፦ ከየዓመቱ ጫጩቶች የጥቂቶቹን ደም ማስመርመር፣ አዲስ የመጡትን ከነባሮቹ ውሃ ለይቶ ማቆየት፣ በገንዳው ዙሪያ የሚቋጠረውን ውሃ ማፍሰስ፣ የሚታረደውን እያንዳንዱን ቆዳ ደግሞ ከመሸጡ በፊት መብራት ላይ ዘርግቶ ነጥቡን ከገንዳው ቁጥር ጋር መመዝገብ።