ጥፋቱ የዲናሞው ነው ወይስ የሽቦው?

በአንድ የክረምት ምሽት ከእንጅባራ ወጥቼ ወደ ዘንገና ሐይቅ በመቃረብ ላይ ሳለሁ የአሮጌዋ መኪናዬ መብራት ደበዘዘ። ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ዳግመኛ ሊነሣ አልቻለም። ዲናሞው ከሁለት ወር በፊት በትልቅ የተለወጠ፣ ባትሪውም አዲስ ነበር። የኦምን ሕግ ሲያስተምር የኖረ ሰው በዚያ ብርድ ቆሞ ምን እንደተሰማው አንባቢ ይገምተው።

በማግስቱ መኪናዋ በሌላ ባትሪ እርዳታ ተነሣች። መብራቱና የዝናብ መጥረጊያው እየሠሩ ስለካ በዲናሞው ጫፍ 14.2፣ በባትሪው ጫፍ ግን 12.6 ቮልት አገኘሁ። 1.6 ቮልት በመንገድ ቀርቷል ማለት ነው። ባለ 12 ቮልት የእርሳስ ባትሪ ሙሉ ሆኖ ያለ ሥራ ሲቀመጥ እንኳ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ለመሙላት ግን 14 ቮልት ያህል ይሻል። ሲቀዘቅዝ ደግሞ ከዚያም በላይ ስለሚፈልግ የአዊ ደጋ ለባትሪ አይመችም። ባትሪዬ ለሳምንታት ሳይሞላ ኖሯል።

ኪሣራው ከየት መጣ? ከዲናሞው እስከ ባትሪው ያለው የመዳብ ሽቦ 3 ሜትር ርዝመትና 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ቢኖረው፣ የኤሌክትሪክን ፍሰት የሚገታበት መጠን፣ ማለትም ሙግደቱ፣ 0.013 ኦም ነው። ቁጥሩ ኢምንት ይመስላል። ይሁንና 35 አምፔር ሲያልፍበት 0.45 ቮልት ገደማ ያስቀራል። የተረፈውን ኪሣራ ያደረሱት አረንጓዴ ዝገት የበላቸው ማያያዣዎች ነበሩ።

ከዚህ የከፋው ሙቀቱ ነው። በሽቦው ላይ የሚባክነው ኃይል ከከረንቱ ካሬ ጋር አብሮ ያድጋል፤ በ35 አምፔር 16 ዋት የነበረው በ70 አምፔር 62 ዋት ይሆናል። እንግዲህ በአሮጌ ሽቦ ላይ ትልቅ ዲናሞ መግጠም የሽቦውን ልባስ ለማቅለጥ፣ አልፎም እሳት ለማስነሣት መንገድ መክፈት ነው።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ስለተከለከለ አሮጌ መኪኖች ገና ብዙ ይጠገናሉ። መፍትሔው ርካሽ ነው። ሽቦው 16 ካሬ ሚሊ ሜትር ሲሆን ሙግደቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። ከሞተሩ አካል ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለሰው ሽቦም አብሮ ይታይ፤ ከረንቱ የሄደውን ያህል ይመለሳልና። ሥራው ሳይጀመር ኔጌቲቩ ይነቀል። በአዲሱ ሽቦ ላይ፣ ለባትሪው እጅግ በቀረበ ቦታ፣ ፊውዝ መግባት አለበት። ሽቦው ተልጦ የመኪናውን አካል ቢነካ ባትሪው በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ይለቃል፤ ያን ጊዜ የሚቃጠለው ፊውዙ እንጂ መኪናው መሆን የለበትም።

ሽቦው ከተለወጠ በኋላ በባትሪዬ ጫፍ 14.1 ቮልት ለካሁ። የድሮውን ዲናሞ ግን አስቀድሜ ሸጬው ነበር።