የቢቸናና የሞጣ ቀስተ ደመና

በሐምሌ እኩለ ቀን ቢቸና ላይ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ብትወጣም ቀስተ ደመና አይታይም። ጉድለቱ ከዝናቡ ሳይሆን ከፀሐይዋ ከፍታ ነው። ብርሃን ወደ ጠብታ ሲገባ ይሰበራል፤ ከውስጠኛው ጀርባ ነጥሮ ሲወጣም እንደገና ይሰበራል። ቀዩ ፀሐይን ትይዩ ከሆነው ነጥብ 42 ዲግሪ፣ ወይን ጠጁ 40 ዲግሪ ያህል ርቆ ይደምቃል። ስለዚህ ፀሐይ ከ42 ዲግሪ በላይ ከፍ ስትል ቅስቱ በሙሉ ከአድማስ በታች ይሆናል። ሐምሌ ላይ የሁለቱ ከተሞች የቀትር ፀሐይ አናት ላይ ናት ማለት ይቻላል፤ ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ በኋላ ግን ጀርባውን ለምዕራብ ሰጥቶ ወደ ዓባይ በረሃ የሚመለከት ሰው ተስፋ አለው።

ይህ ማዕዘን የሚለካው ከተመልካቹ ነው፤ እንግዲያው ቀስተ ደመና የራሱ ቦታ የለውም። የሞጣውና የቢቸናው ሰው አንድ ቅስት አያዩም። ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ሰዎችስ ወደ አንድ ቅስት ይጠቁሙ የለም ወይ? ይጠቁማሉ፤ ለየዓይናቸው ብርሃን የሚልኩት ጠብታዎች ግን የተለያዩ ናቸው። በጢስ ዓባይ ፏፏቴ ላይ የሚታየውም ተተክሎ የቆመ ይመስላል እንጂ፣ የተተከለው የውኃው ብናኝ ነው፤ ተመልካቹ ሲራመድ ቅስቱም ይራመዳል። የፋርሱ ሊቅ ካማል አልዲን አልፋሪሲ በ14ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ውኃ በሞላው የመስታወት ሉል የብርሃኑን መንገድ የመረመረው ለዚህ ነበር፤ ሚስጥሩ ያለው በአንዷ ጠብታ ውስጥ ነውና።