«ደመወዝህን የምከፍልህ እኔ ነኝ!»

ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ፣ ውጪው በመስታወት በሚያብረቀርቅ ሕንጻ ውስጥ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራ አስኪያጁ ጠዋት ያዘዙትን ከሰዓት በኋላ ይክዱታል፤ ጥፋቱ የኛ ነው። ሰው ፊት መሰደብ የዕለት ቁርሳችን ነበር። ወሬ ያመላለሰ ያድጋል፣ የሠራ ይገፋል። ማታ ሁለት ሰዓት ወጥተን መገናኛ ታክሲ ስንጋፋ የትርፍ ሰዓት ነገር ትንፍሽ የሚል የለም። አንዷ ባልደረባችንማ መጸዳጃ ቤት ገብታ ታለቅስ ነበር።

«እንጀራ ነው፣ ቻለው» አሉኝ። ወዳጆቼ፣ መቻል ደግ ነው፤ ሕጉን ማወቅ ግን ይበልጣል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ያለው ትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል እጥፍ ይከፈላል። ሰብዓዊ ክብሩ የተነካ ሠራተኛ ያለማስጠንቀቂያ መልቀቅ ይችላል፤ ግን ምክንያቱን በጽሑፍ ይግለጽ፣ 15 የሥራ ቀናትም አያሳልፍ።

እኔ በቃል የታዘዝኩትንና ያመሸሁበትን ሰዓት ሁሉ ከነቀኑ ደብተር ላይ እጽፍ ነበር። ገርጂ ሌላ ሥራ ሳገኝ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጠሁ። የሥራ ልምድ ወረቀቴን ለመስጠት ሲያንገራግሩ፣ ሠራተኛ ሲጠይቅ በነጻ እንዲሰጥ አዋጁ እንደሚያዝ ነገርኳቸው። በሳምንቱ ማኅተሙ አረፈበት።

እናንተም ተናዳችሁ በር ወርውራችሁ አትውጡ። መጀመሪያ ጻፉ፣ ቀጥሎ ሥራ ፈልጉ፣ ከዚያ በክብር ተሰናበቱ። ደመወዝ የላባችሁ ዋጋ እንጂ የማንም ችሮታ አይደለም።