ከቆቦ ቆላ ወደ ላስታ ደጋ፤ የበጋው የተራራ እረፍት እንዴት ይታቀድ?

በታኅሣሥና በጥር ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችን የሚልኩልን ፎቶ ይታወቃል። ልጆቹ እስከ አፍንጫቸው ተጠቅልለው፣ እግራቸው ላይ የበረዶ ሸርተቴ አስረው፣ ከኋላቸው ነጭ ተራራ ይታያል። ማታ ደግሞ እንፋሎት በሚወጣው ሙቅ ውሃ ገንዳ ውስጥ ቁጭ ብለዋል። ለእነሱ ክረምት ማለት ይህ ነው። እኛ ክረምት የምንለው ዝናብና ጭቃውን ስለሆነ የእነሱ ክረምት ለእኛ በጋ ነው፤ ማሽላው ታጭዶ፣ አውድማው ተጠርጎ፣ ሰው ትንሽ እፎይ የሚልበት ወቅት።

የበረዶ ሸርተቴ መዝናኛ በአገራችን የለም። ከአፍሪካ ሞሮኮ በኡካይመደን፣ ሌሶቶ ደግሞ በማሉቲ ተራሮች ላይ አላቸው። ዱባይ እንኳ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ማዕከል ውስጥ በሰው ሠራሽ በረዶ ታንሸራትታለች። ይሁን እንጂ ስፖርቱ ለኢትዮጵያዊ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። ሮቤል ተክለማርያም በ1998 ዓ.ም. በቱሪን፣ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ በቫንኩቨር የክረምት ኦሎምፒክ ላይ በበረዶ ሸርተቴ ተወዳድሮ አገራችንን በክረምት ኦሎምፒክ የወከለ የመጀመሪያው ሰው ሆኗል።

በረዶው ባይኖረንም የዚያ እረፍት ዋና ዋና ነገሮች፣ ማለትም ከፍ ያለ ተራራ፣ ንጹህ ብርድ፣ ሰውነትን የሚያፍታታ ሙቀትና ቤተሰብ አንድ ላይ የሚሰበሰብበት እሳት፣ ለቆቦና ለራያ ቆላ ነዋሪ ቅርብ ናቸው። ላስታ ጎረቤት ነው። የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። አስቸጋሪው ነገር መድረሱ ሳይሆን ቆለኛ ቤተሰብ ልጅና አዛውንት ይዞ ወደዚያ ሲወጣ በምን መልኩ እንደሚወጣ ነው። ስለዚህ ዕቅዱ ሁሉ በአንድ መርህ ይመራ፤ ጉዞው የሚለካው በቤተሰቡ ጠንካራ ሰው ሳይሆን በደካማው ሰው አቅም ነው።

መቼ እንሂድ?

ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ያለ፣ መንገዱ ደረቅ ነው። ላሊበላ ላይ ግን ሁሉም ሳምንት እኩል አይደለም። ታኅሣሥ 29 የሚከበረው ገና ከየአቅጣጫው እጅግ ብዙ ምእመን ስለሚሰበስብ ማደሪያ ይጠፋል፤ የተገኘውም ይወደዳል። ዓላማችሁ በዓሉን ማክበር ከሆነ ከወራት በፊት ቦታ ያዙ። ዓላማችሁ እረፍት ከሆነ ግን ጥር 11 ጥምቀት ካለፈ በኋላ ያሉት ሳምንታት ይመረጣሉ። ልጆች የመንፈቅ ዓመት ፈተና ጨርሰው አጭር እረፍት የሚያገኙትም በዚያው ሰሞን ነው። ትክክለኛውን ቀን ከትምህርት ቤታቸው አረጋግጡ።

ምግብም ከቀኑ ጋር ይታሰብ። ከኅዳር 15 እስከ ገና ዋዜማ የነቢያት ጾም ስለሆነ በብዙ ምግብ ቤቶች የምታገኙት የጾም ምግብ ነው። ሙስሊም ቤተሰቦች ደግሞ የእስላም ሥጋ የት እንደሚገኝ አስቀድመው ይጠይቁ፤ ወደ ተራራው ሲወጡ የራሳቸውን ስንቅ መያዙ ያዋጣቸዋል። ለሁሉም ቤት የሚስማማው ስንቅ ያው የጥንቱ ነው። በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ብርድ አይጎዳቸውም፤ ኃይልም ይሰጣሉ።

መንገዱና ከፍታው

ከቆቦ በሮቢትና በጎብዬ አድርጎ ወልዲያ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከወልዲያ በድልብ ሽቅብ ወጥቶ ጋሸና፣ ከጋሸና ወደ ሰሜን ታጥፎ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ከተጓዙ በኋላ ላሊበላ ይገባል። በአንድ ቀን የሚያልቅ መንገድ ነው። ነገር ግን በዚያ አንድ ቀን ሰውነታችሁ ብዙ ይወጣል። ቆቦ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ላሊበላ ደግሞ 2,500 ሜትር አካባቢ።

ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በ6 ወይም በ7 ዲግሪ ይቀንሳል። ቆቦ ላይ ቀን 28 ዲግሪ ከሆነ አቡነ ዮሴፍ አናት ላይ 10 ዲግሪ ገደማ ይሆናል ማለት ነው። ሌሊት ላይ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ልጆቻችሁ እንደ ፎቶው ያለ በረዶ አያገኙም፤ ማለዳ ጓሳው ላይ የተጋገረ አመዳይ ግን በእጃቸው ይዳስሳሉ።

ብርዱ በልብስ ይመከታል። የአየሩ መሳሳት ግን በልብስ አይመከትም። ከ2,500 ሜትር በላይ ሲወጣ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ መፍዘዝና እንቅልፍ ማጣት ሊመጣ ይችላል። መፍትሔው ቀስ ማለት ነው። ላሊበላ ላይ ቢያንስ ሁለት ሌሊት እደሩ። በሦስተኛው ቀን ከከተማዋ በላይ ወዳለው አሸተን ማርያም ገዳም በእግር ወይም በበቅሎ ወጥታችሁ ወደ ታች ተመለሱና እደሩ። ቀን ከፍ ብሎ ማታ ዝቅ ብሎ ማደር ሰውነትን ያለማምዳል። ከ3,000 ሜትር በላይ የምታድሩ ከሆነ የማደሪያ ከፍታችሁን በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ አትጨምሩ። ራሱን ያመመውን ሰው ይዞ ወደ ላይ መቀጠል አይገባም። የሚያስል፣ እያረፈ የሚያለከልክ ወይም የሚንገዳገድ ሰው ካለ ደግሞ ንጋት ሳይጠበቅ ወደ ታች ይወረድ።

ነፍሰ ጡር ሴት፣ የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው፣ የደም ግፊቱ ያልተስተካከለ አዛውንትና ጨቅላ ሕፃን ወደ አናቱ ባይወጡ ይሻላል። ይህ ከጉዞው መቅረት አይደለም። በ1970 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት ውቅር አብያተ ክርስቲያናት እዚያው ከተማው ውስጥ ናቸው። ነአኩቶ ለአብም ከከተማው ሩቅ አይደለም። ቤተሰቡ ለአንድ ቀን በሁለት ተከፍሎ ማታ በአንድ ማዕድ ቢገናኝ ምንም አይጎድልበትም።

ትኩሳት ሲመጣ “ብርድ ነው” አትበሉ

የራያ ቆላ ቤተሰብ ይህን ምክር እንዲይዝልን እንፈልጋለን። የወባ ወቅት ከመስከረም እስከ ኅዳር ይበረታል። በወባ ትንኝ የተነደፈ ሰው ሕመሙ የሚታይበት ከአንድ ሳምንት እስከ አንድ ወር ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ ቆቦ ላይ የተነደፈ ልጅ ላሊበላ ላይ ሊያንቀጠቅጠው ይችላል። ቤተሰቡ “ብርዱ መታው” ብሎ ሻይ በዝንጅብል እያጠጣ አንድ ሁለት ቀን ቢያሳልፍ ጉዳቱ ከባድ ነው። ትኩሳት ከመጣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ውሰዱትና “የመጣነው ከቆላ ነው፣ ወባ ይመርመርልን” በሉ። ደጋ ላይ ያለ ባለሙያ ይህን ካልነገራችሁት ወባን ላይጠረጥር ይችላል። ከውጭ መጥተው ቆቦ የሰነበቱ ዘመዶች ካሉም የበለጠ ይጠንቀቁ፤ የመከላከያ መድኃኒታቸውን ሐኪም ባዘዘላቸው መጠን ወደ ደጋ ከወጡ በኋላም ሳያቋርጡ ይጨርሱ።

ከሰል ወደ መኝታ ክፍል አይግባ

ቆለኛ ደጋ ሲያድር መጀመሪያ የሚያምረው እሳት ነው። ከሰል አቀጣጥሎ በሩን ዘግቶ መተኛት ግን ሰው ይገድላል። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም ስለሌለው የተኛ ሰው ሳይነቃ ያልፋል። እሳቱን ውጭ ወይም አየር በሚዘዋወርበት ክፍል ሙቁ፤ ከመተኛታችሁ በፊት ምድጃውን አውጡ። ለሌሊቱ ቡልኮ፣ ጋቢና የደጋው ባና ይበቃል። ሙቅ ውሃ በላስቲክ ኮዳ ሞልቶ፣ ክዳኑን አጥብቆ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ እግር ሥር ማድረግም ይረዳል።

ሻንጣው ውስጥ ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ሹራብ፣ ወፍራም ካልሲ፣ ኮፍያና ሽፍን ጫማ ይግባ። ሽርጥና ክፍት ጫማ ለቆቦ እንጂ ለአቡነ ዮሴፍ አይሆንም። ተራራ ላይ ፀሐይዋ ባትሞቅም ቆዳ ታቃጥላለችና ባርኔጣና የከንፈር ቅባት ያዙ። መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ከጉዞው ቀናት የሚተርፍ ይያዙ። ኢንሱሊን የሚወጉ ደግሞ ሌሊት በብርዱ እንዳይረጋ ከሰውነታቸው አስጠግተው ያሳድሩት።

ተራራው ላይ የት እናድራለን?

ላሊበላ ከአነስተኛ ፔንሲዮን እስከ ሎጅ ድረስ ማደሪያ አላት። ከከተማ ወጣ ብለው ማደር የሚሹ ደግሞ በመቄትና በላስታ “ተስፋ” በሚል ስም የሚታወቀው የማኅበረሰብ ቱሪዝም የሠራቸውን የእንግዳ ጎጆዎች ይጠይቁ። ገደል አፋፍ ላይ ባሉት በእነዚህ ጎጆዎች የሚያስተናግዱት የአካባቢው ገበሬዎች ናቸው፤ ገቢውም እዚያው ይቀራል። የትኞቹ እንግዳ እየተቀበሉ እንደሆነ ስንቅ ከማዘጋጀታችሁ በፊት በስልክ አረጋግጡ። አስጎብኚና በቅሎ ያዙ። የአቡነ ዮሴፍን ጅብራ፣ የጭላዳ መንጋ፣ ዕድል ከቀናችሁም ቀይ ቀበሮ የት እንደሚታይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

በጀቱን ስትሠሩ በመጓጓዣ፣ በማደሪያ፣ በምግብ፣ በአስጎብኚና በበቅሎ ከፋፍሉት። ከዚያም ለአንድ ተጨማሪ ሌሊትና ለድንገተኛ ሕክምና የሚሆን ገንዘብ ለይታችሁ አስቀምጡ፤ የማይነካ ይሁን። የውጭ ፓስፖርት የያዘ ዘመድ አብሯችሁ ካለ የውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ መግቢያ ክፍያ ለእሱ እንደሚለይ አትርሱ።

ፍል ውሃና ወይባ

ከተራራው በኋላ የደከመ ጉልበት ሙቀት ይሻል። ጊዜ ያለው ቤተሰብ ከጋሸና ወደ ምዕራብ በነፋስ መውጫና በደብረ ታቦር አልፎ ወደ ወረታ ቢዘልቅ በደቡብ ጎንደር ደራ ወረዳ የዋንዛዬን ፍል ውሃ ያገኛል። ለመንገዱ ብቻ አንድ ቀን ያዙለት። የፍል ውሃ ነገር ለአገራችን አዲስ አይደለም። አዲስ አበባ ራሷ በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው የፍል ውሃውን አካባቢ ስለወደዱት ነው።

ጊዜ የሌለው ደግሞ ቤቱ ይመለስ። የወሎ ሴት ስፓ የሚባለው ቃል ሳይመጣ ወይባ ጢስ ታውቃለች። ጉድጓዱ ተቆፍሮ፣ ፍሙ ላይ ወይባው ተጨምሮ፣ ገላ ቅቤ ተቀብቶ፣ በብርድ ልብስ ተሸፍኖ መቀመጥ ድካምን ያወጣል። ጥንቃቄው ለሁለቱም አንድ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት አትግባ፤ የልብና የግፊት ሕመም ያለበት ሐኪሙን ይጠይቅ። ውሃው ውስጥ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃል። ምንጩ የሚፈላበት ቦታ አጠገብ ልጅ ለብቻው አይተው። ጢሱም በተዘጋ ክፍል ውስጥ አይሁን፤ ፊት ውጭ ይሁን፣ አጠገብም ሰው ይቀመጥ።

የሰባት ቀን ናሙና

በመጀመሪያው ቀን ከቆቦ በማለዳ ተነሥቶ ወልዲያ ላይ ምሳ፣ ላሊበላ ላይ አዳር። ሁለተኛው ቀን ቀስ ብሎ ከተማዋን ማየት ብቻ። በሦስተኛው አሸተን ማርያም ወጥቶ መመለስ። በአራተኛው አቅም ያለው ወደ አቡነ ዮሴፍ ግርጌ ጎጆ፣ ሌላው ወደ ነአኩቶ ለአብ። በአምስተኛው ማለዳ አመዳዩንና ጭላዳዎቹን አይቶ ወደ ላሊበላ መውረድ። ስድስተኛው የመመለሻ ቀን ነው። ሰባተኛው ቤት ውስጥ የማረፊያና የወይባ ቀን።

ሁሉም ከሰላም በኋላ

ከ2013 ዓ.ም. መገባደጃ ጀምሮ ጦርነት ቆቦንም ላሊበላንም ጎድቷል። በእንግዳ የሚተዳደሩት አስጎብኚዎች፣ ባለ በቅሎዎችና የማደሪያ ባለቤቶች ለረጅም ጊዜ ያለ ሥራ ተቀምጠዋል። የአገር ውስጥ ቤተሰብ መምጣት ለእነሱ የዕለት እንጀራ ነው። ቢሆንም ማንም ልጁን ይዞ በጥርጣሬ መንገድ አይወጣም። ከመነሣታችሁ ሁለት ቀን በፊትና በዕለቱ ማለዳ ከሾፌሮችና ከምታድሩበት ቤት ስለ መንገዱ ጠይቁ፤ በሌሊት አትጓዙ። ማደሪያ ስትይዙም መንገድ ቢዘጋ ገንዘቡ ይመለስ እንደሆነ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ያ ሳምንት ካልሆነ ተራራው አይሸሽም። ከቆቦ በስተምሥራቅ ያለው ዞብል ለአንድ ቀን ሽርሽር ይበቃል። ሹራቡም አልባከነም፣ የተቆጠበውም ገንዘብ በእጃችሁ ነው። ላስታን ለሚቀጥለው በጋ አቆዩት።