ልትወልድ የቀረበች በግ መብላት ስትተው

ስልኩ የተደወለው ሐሙስ ማታ ነበር። መንዝ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ናት። ስለ ጤናዋ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ቀረው የበልግ ዝናብ አወጋን። ልንሰነባበት ስንል «አንዷ በጌ መብላት ትታለች። ልትወልድ ደርሳለች፤ ምን ነክቷት ይሆን?» አለችኝ። እኔም ሳቅ ብዬ «እትዬ፣ እኔ የሰው ነርስ ነኝ እንጂ የበግ ነርስ አይደለሁም» አልኳት። እሷም ሳቀች። በዚሁ ስልኩ ተዘጋ።

እሑድ ለዘመድ ተዝካር ወደዚያው ሄድኩ። ሰው ሲበተን እህቴ እጄን ይዛ ወደ በጎቹ ቤት ወሰደችኝ። በጓ ከመንጋው ተለይታ ግንባሯን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ቆማለች። ጥርሷን ታፋጫለች። እጄን ዓይኗ ፊት ባወዛውዝ አልርገበገበችም፤ ዓይኗ ተከፍቶ አያይም። ቀርቤ አፏን ስይዝ ትንፋሿ ሸተተኝ። ደነገጥኩ።

ያንን ሽታ አውቀዋለሁ። በስሎ ያለፈ ፍራፍሬና የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የተቀላቀለ የሚመስል ሽታ ነው። ሠላሳ ምናምን ዓመት በሠራሁባቸው የድንገተኛ ክፍሎች፣ ስኳራቸው ከቁጥጥር ውጭ ወጥቶ ራሳቸውን ስተው የሚመጡ ሕመምተኞች ትንፋሽ እንዲህ ይሸታል። ሰውነት ስኳርን መጠቀም ሲያቅተው ስቡን ያነድዳል፤ ስብ በብዛት ሲነድድ ደግሞ ኬቶን የሚባል አሲድ ደም ውስጥ ይጠራቀማል። ሽታው የእሱ ነው።

እንግዲህ በሽታውን ያወቅሁ መስሎኝ የማውቀውን አደረግሁ። ስኳር በውሃ በጥብጬ በጠርሙስ አጋትኳት። ግማሹን ሳለችው። ሌሊቱን ተኛች፤ ጠዋት መነሳት አልቻለችም። የእህቴ ልጅ የወረዳውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሊጠራ ገሠገሠ። ባለሙያው ሲደርስ በጓ ሞታ ነበር።

ወጣት ልጅ ነው። መጀመሪያ ያደረገው ነገር ሬሳዋን ዞሮ ማየት ነበር፤ አፍንጫዋን፣ አፏን፣ ከኋላዋም። ደም አለመኖሩን ካረጋገጠ በኋላ፣ ስንት ቀን እንደታመመች ጠይቆ፣ ጓንት አጥልቆ ሆዷን ከፈተ። ሁለት ግልገሎች ነበሩ፤ ሁለቱም ጠጉራቸውን ያበቀሉ፣ ለመወለድ ሁለት ሳምንት ያህል የቀራቸው። ጉበቷን አሳየን። ቢጫ ነው፤ በጣት ሲነካ ይፈረፈራል፤ ቢላው ላይ ቅባት ይተዋል።

«መብላት ያቆመችው መቼ ነው?» አለ።

«ሐሙስ» አለች እህቴ።

«ሐሙስ ብትጠሩኝ ዕድል ነበራት» አለ። እኔ ወደ መሬት አየሁ። የሐሙሱን ሳቄን የማውቀው እኔና እህቴ ብቻ ነን፤ እሷ ምንም አላለችም። ከዚያች በግ የሚወለዱትን ሸጣ የማዳበሪያ ዕዳዋን ልትከፍል አስባ እንደነበር የነገረችኝ ማታ ነው።

ይህን የምጽፈው ብዙዎቻችሁ በገጠር እናት፣ ወንድም ወይም አክስት ስላላችሁ ነው። አንዳንዶቻችሁም በከተማ ዳር ግቢያችሁ ውስጥ በግ ታረባላችሁ። አንድ ቀን የእኔ ዓይነት ስልክ ሲደወልላችሁ እንደ እኔ እንዳትስቁ ብዬ ነው።

ሆዷ ሞልቶ የምትራብ በግ

በግ የምታረግዘው 5 ወር ያህል፣ ማለትም ወደ 150 ቀን ነው። ግልገሉ አብዛኛውን ክብደቱን የሚጨምረው በመጨረሻዎቹ 6 ሳምንታት ነው። በነዚህ ሳምንታት ሁለት ነገር ይጋጫል። ግልገሉ ብዙ ምግብ ይፈልጋል፤ በሌላ በኩል ማህፀኗ እየገፋ ለጨጓራዋ ቦታ ያሳጣዋል። ገለባ ብቻ የምትበላ ከሆነ ሆዷ ይሞላል፣ ሰውነቷ ግን ይራባል። መንታ ስትይዝ ደግሞ ችግሩ እጥፍ ነው። የመንዝ በግ አብዛኛውን ጊዜ የምትወልደው አንድ ነው፤ ስለዚህ መንታ የያዘችውን ማንም ልብ አይላትም። ደግሞም ከጥር ጀምሮ ሣር ያልቃል፤ በልጉ ከቀረ እስከ ክረምት የሚሰጣት የገብስ ገለባ ነው።

ያን ጊዜ ሰውነቷ ስቧን ማንደድ ይጀምራል። ጉበቷ በስብ ይሞላል፤ ኬቶኑ አንጎሏን ያደነዝዘዋል። በጣም የከሳች ብቻ ሳትሆን በጣም የወፈረችም ትታመማለች። ለአንድ ቀን እንኳ ምግብ ማጣት፣ ረጅም መንገድ መነዳት፣ ብርድና ዝናብ ወይም የውሻ ማባረር ሕመሙን ሊቀሰቅሰው ይችላል።

ከስኳር በሽተኛው የሚለየው አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ እኔም የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። ስኳር በሽተኛው ደሙ ውስጥ ስኳር ሞልቶ መጠቀም ያቃተው ነው። በጓ ግን ስኳሩ ራሱ አልቆባታል። ታዲያ ስኳር በአፏ ብሰጣት ምን አጠፋሁ? ባለሙያው በትሕትና አስረዳኝ። «እናቴ፣ የበግ የመጀመሪያ ጨጓራ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ሕዋሳት ስኳሩን ቀድመው ይበሉታል፤ ደሟ ዘንድ የሚደርሰው ጥቂት ነው። ግሉኮስ በደም ሥር ነው የሚሰጠው። በአፍ የሚሰጥ ሌላ መድኃኒት አለን፤ የሚሠራው ግን በጊዜ ሲጀመር ነው» አለኝ። መዋጥ ያቃታትን በግ ማጋት ደግሞ ሳንባዋ ውስጥ ማፍሰስ ነው። ለሰው ይህን አሳምሬ አውቀው ነበር።

ሌሎች የሚገድሉ ነገሮች

በመውለጃ ሰሞን የምትወድቅ በግ ሁሉ ይህ ሕመም አለባት ማለት አይደለም። ካልሲየም አንሷት የምትወድቅም አለች፤ እሷ በመርፌ ቶሎ ልትነሳ ስለምትችል ባለሙያ ሳያያት ተስፋ አይቆረጥባትም። ረግረግ አካባቢ የሚግጡ በጎች የጉበት ትል ይይዛቸዋል፤ ጉበቷ የተጎዳ በግ የእርግዝናን ሸክም አትችልም። ከመንጋጋዋ ሥር እንደ ከረጢት ያበጠ፣ የዓይኗ ውስጥ የነጣ ከሆነ ለባለሙያው ይነገረው።

ምጥ ሲመጣ በትክክል የሚወለድ ግልገል ሁለቱን የፊት እግሮቹንና አፍንጫውን ያስቀድማል። አጥብቃ እያማጠች አንድ ሰዓት ከሞላ፣ ምንም ካልታየ ወይም ጭንቅላት ወይም አንድ እግር ብቻ ከወጣ እርዳታ ያስፈልጋታል። በጉልበት መጎተት ማህፀን ይቀድዳል። ትልልቅ ዝርያ ያላቸው አውራዎች፣ ለምሳሌ የአዋሲ ዲቃላዎች፣ ከትንንሽ የአገር በጎች ጋር ሲገናኙ የግልገሉ መጠን ምጡን ሊያከብደው እንደሚችልም አትርሱ።

እንግዴ ልጁ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይወጣል። ከግማሽ ቀን በላይ ከቆየ ባለሙያ ይጠራ። አይጎተት፤ ድንጋይም አይታሰርበት። ይህን ስታደርግ ያየኋት እህቴ ብቻ አይደለችም። እኛም በሰው እናት ላይ የሚያደርሰውን የደም መፍሰስ አይተናል።

ከወለደች በኋላ ጡቷን ንኩት። አንዱ ወገን ቢሞቅ፣ ቢጠነክር፣ ቢጠቁር፣ እሷም ግልገሉን አላጠባም ብላ ብታነክስ የጡት በሽታ ነው። ግልገሉ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት እንገር ማግኘት አለበት። እምብርቱ ላይ አዮዲን ይቀባ፤ ጠጉሩ ይደረቅ። በመንዝ ብርድ ርጥብና የተራበ ግልገል እስከ ንጋት ላይቆይ ይችላል።

ስለ ሰው

አሁን ወደ ገዛ ሙያዬ ልመለስ። ባለሙያው የበጓን ሆድ ሲከፍት የእህቴ ምራት ልታግዘው በባዶ እጇ ጎንበስ አለች። የስድስት ወር እርጉዝ ናት። እጇን ይዤ ወደ ኋላ ጎተትኳት። «እትዬ፣ ምነው? ሁልጊዜ የማዋልዳቸው እኔ አይደለሁ እንዴ!» አለችኝ።

ያስፈራኝ ይኼው ነበር። በግና ፍየል እንዲጨነግፉ የሚያደርጉ ብዙ ጀርሞች ወደ ሰው ይተላለፋሉ። ብሩሴሎሲስ፣ ኪው ፊቨርና ቶክሶፕላዝሞሲስ የሚባሉት ከነዚህ ውስጥ ናቸው። በብዛት የሚገኙትም በእንሽርት ውሃው፣ በእንግዴ ልጁና በጨነገፈው ግልገል ላይ ነው። እርጉዝ ሴት ከተያዘች ጽንሷ ሊጨናገፍ ወይም ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ እርጉዝ ሴት በግ አታዋልድ፤ የጨነገፈ አታንሳ፤ በማዋለድ የረጠበ ልብስም አትጠብ። ሌላው ሰው ጓንት ያጥልቅ፤ ጓንት ካጣ ንጹሕ ላስቲክ እጁ ላይ ይሰር፤ ሲጨርስ በሳሙና ይታጠብ። እንግዴ ልጁና የጨነገፈው ለውሻ አይጣል፤ ይቃጠል ወይም ጠልቆ ይቀበር። ወተት ሳይፈላ አይጠጣ።

አንድ ነገር ልናዘዝ። በሥራ ዘመኔ ስንት ሰው «ትኩሳቱ ይመጣል ይሄዳል፤ ወገቤንና መገጣጠሚያዬን ይቆረጥመኛል፤ ማታ ማታ ያልበኛል» ብሎኛል! ወባ ነው፣ ታይፎይድ ነው እያልን ሰጠን፤ ተመልሶ መጣ። «ቤትህ በግ አለ? ሰሞኑን ያዋለድካት አለች?» ብዬ የጠየቅሁበትን ቀን አላስታውስም። እናንተ ግን ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም ንገሩት።

ሳትታመም በድንገት የሞተች፣ ከአፍንጫዋ ወይም ከኋላዋ ደም የሚወጣ በግ ካያችሁ ደግሞ ቢላ አታስነኩ። አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል። አትክፈቱ፣ አትግፈፉ፣ አትብሉ፤ ባለሙያ ጥሩ።

የቀሩት ሁለቱ

ባለሙያው ሳይሄድ የቀሩትን በጎች እየዳሰሰ አያቸው። ሁለቱ ከብደዋል፤ የጀርባ አጥንታቸው በእጅ ይቆጠራል። አንዷም ማለዳ የተሰጣትን ገለባ ጥላለች። እሷን የዚያኑ ቀን ማከም ጀመረ፤ ለቀጣዮቹ ቀናት የሚሰጣትንም መድኃኒት ለእህቴ ልጅ አሳይቶ ተወለት። ለሁለቱም ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ቀላቅለን በጥቂቱ ጀምረን በቀን ከ200 እስከ 300 ግራም እንድናደርስ ነገረን። ብዙ እህል በአንድ ጊዜ መስጠት ራሱ ይገድላል። ንጹሕ ውሃና አሞሌ ጨው እንዳይለያቸው፣ ከመንጋው ጋር ሩቅ እንዳይነዱ፣ ምግባቸውንም ጉልበተኞቹ እንዳይቀሟቸው ለብቻ እንዲበሉ አዘዘ።

እህቴ ስለ ፉርሽካው ዋጋ አጉረመረመች። እውነቷን ነው፤ ርካሽ አይደለም። ግን ለመላው መንጋ አይደለም፤ ለከበዱት፣ ለ6 ሳምንት ብቻ ነው። ከጠላው የሚተርፈው አተላም በልክ ሲሰጥ ያግዛል። ከመኸር ላይ ጥቂት ጥሩ ድርቆሽ ለዚያ ጊዜ ብሎ ማስቀመጥ ደግሞ ከሁሉም ይረክሳል።

ሁለቱም ወለዱ። የታከመችው አንድ ወለደች፤ ደካማ ነበርና እንገሩን በጠርሙስ አጠጡት፤ ቆመ። የእህቴ ምራት ሐምሌ ላይ ጤና ጣቢያ ሄዳ ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች።

ባለፈው ሳምንት እህቴ ደወለች። «አንዷ ገለባዋን ትታ ለብቻዋ ቆማለች» አለችኝ። «ለባለሙያው ደወልሽ?» አልኳት።

«ለእሱ ነው ቀድሜ የደወልኩት፤ መንገድ ላይ ነው» አለች። «ለአንቺ የደወልኩት ላወራሽ ነው።»